በየቤታችን ያለው ምስክር

የዕረፍት ጊዜ ስለ ተቃረበ ብዙዎቻችን ዕቃችንን ሸክፈን ወደየቤታችን ለመሄድ ቀን እንቈጥራለን። ወደ ሐረር የምንጓዘው ተማሪዎችም ለአያቶቻችን ምን ይዘን እንግባ እያልን እንመካከራለን፤ ለአንዷ ሻሽ፥ ለአንዱ ከዘራ፥ ለሌላው ስኳርና ሳሙና ይታሰባል። በባዶ እጅ ሽማግሌ ፊት አለመቅረብ የቈየ ጨዋነት ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ከነሱ ዘንድ ምን ይዘን እንመለሳለን ብሎ የሚያስብ ከመካከላችን ስንት ይገኛል? ምርቃታቸውን እንቀበላለን፥ ያቀረቡልንን እንበላለን፤ ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው ከጐናችን ተቀምጦ ሳለ ዓይናችን ከስልካችን አይነሣም።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ የምንወደው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በዚህ ዕረፍት ከቤተ ሰቡ መካከል አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት መርጦ ከፊታቸው ይቀመጥና እንዴት እንዳደጉ ይጠይቃቸው፤ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጻፈው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ዛሬ በአገራችን በታሪክ ስም የሚነሣው ጠብ እንዲህ የበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ቀላል ነገር ባለመደረጉ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያታችንንም በሐረር ምሳሌ እናስረዳለን።

ስለ ሐረር የተጻፈ ጽሑፍ ጠፍቶ አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ከተማይቱ ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ብቻ ሰነበተ፤ ስለ ጕዞውም ወፍራም መጽሐፍ አወጣ፤ የውጭ አገር ሰዎችም ሐረርን ለረጅም ጊዜ በርሱ ዓይን ሲያዩ ኖሩ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ በንግድ ሥራ እየተመላለሰ ኖሮባታል፤ ዛሬ በጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ እንግዳ የሚጐበኘው ያማረ ቤት ግን አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው እንጂ ራምቦ የኖረበት አይደለም። ከአገር ልጆችም ወገን ቢሆን የተጻፈው የታላላቆቹ አስተዳደግ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ መወለዳቸውንና የልጅነት ዘመናቸውን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ተርከዋል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጥተው ከራስ መኰንን ዘንድ ማደጋቸውን፥ ዐድዋ መዝመታቸውንና ከዚያም ወደ ሩሲያ ለትምህርት መሻገራቸውን በጻፉት የሕይወት ታሪክ አቈይተውልናል። እነዚህን ማንበባችን መልካም ነው።

ነገር ግን በጊድር መጋላ ሸቀጥ ዘርግታ ልጆቿን ያሳደገችው፥ በመኪና ግርግር የስፌት መኪና ሲረግጥ ዕድሜውን የጨረሰው፥ በማለዳ በኤረር በር ገብታ ወተቷን ሸጣ ወደ ገጠር የተመለሰችው፥ ከግንቡ ውጭ በወታደር ሰፈር የተወለደው፥ እነዚህ ሁሉ እንዴት አደጉ? ስለነዚህ መጽሐፍ የጻፈ መንገደኛ የለም። የሐረሪ ቋንቋ ተናጋሪዎች ስለ ልማዳቸውና ስለ አኗኗራቸው በገዛ አፋቸው የተናገሩትን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው እንኳ ቮልፍ ሌስላው የተባለው የውጭ አገር የቋንቋ ሊቅ ነው። ሰውየው ምስጋና ይገባዋል፤ ሥራው ግን በመጀመሪያ የልጅ ልጆች ድርሻ ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ተማሪ «አያቴን ጠይቄያቸው ነበር፤ ምንም አያውቁም» ይላል። ምን ብሎ እንደ ጠየቃቸው ሲመረመር «ስለ ሐረር ታሪክ ምን ያውቃሉ?» ብሎ ነው። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ልጄ፥ እኔ ምን ታሪክ አውቃለሁ? ወንዶቹን ጠይቅ» ይሉታል። ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት ነገር ነው ተብለው አድገዋልና። ከመካከላችን አንዲት ተማሪ ግን አያቷን «ልጅ ሳሉ ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር?» ብላ ጀመረች። ከውሃው አብረዋቸው ይወርዱ የነበሩት ልጃገረዶች መጡ፤ ከልጃገረዶቹ ሞይ ጋር ተሰብስበው ስፌት የተማሩበት ቤት፥ ከስፌቱ ሠርጉ፥ ከሠርጉ የአፎቻው ሴቶች እየተመዘዙ ወጡ፤ በዚያ ዘመን ማን ከማን ጋር ኀዘንና ደስታ ይካፈል እንደ ነበረ፥ ማንስ በማን ደጅ እንደማያልፍ ተነገረ። የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ጨዋታው አላለቀም። እኒሁ ሴት «ታሪክ» ተብለው ቢጠየቁ አላውቅም ባይ ነበሩ።

አስተዳደግን መጠየቅ ጥቅሙ ይህ ነው። ሰው ስለ ዘመኑ በጠቅላላው ሲናገር ከሬዲዮና ከሌላ ሰው አፍ የወሰደውን ይደግማል፤ ስለ አስተዳደጉ ሲናገር ግን በገዛ ዓይኑ ያየውን ይመሰክራል። በሐረሪ ቤት ውስጥ ከነደባዎቹ በየትኛው ላይ ማን ይቀመጥ እንደ ነበረ፥ ልጅስ የትኛው ላይ መውጣት እንደማይፈቀድለት የሚነግሩን አያት ስለ ማዕርግ፥ ስለ አክብሮትና ስለ ሥልጣን የሚያስተምሩን ትምህርት ቀላል አይደለም።

ሐረር በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር አሠሩት፤ የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማይቱን ከያዙ ወዲህ ደግሞ ሌላ ቋንቋና ሌላ ሃይማኖት ያለው ሕዝብ እየመጣ በግንቡ ውስጥም ከግንቡ ውጭም ሰፈረ። ስለዚህ እኛ የአንድ ከተማ ልጆች ብንባልም አያቶቻችን ያደጉት በአንድ ዓይነት ኑሮ አይደለም። አንዱ በቁርኣን ቤት ሉሕ ይዞ፥ ሌላው ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሞ፥ ሦስተኛው በገጠር ከብት ጠብቆ አደገ። ሦስቱ ገበያ ላይ ይገናኙ ነበር፤ አንዱም የሌላውን ቋንቋ ቢያንስ ለዋጋ ክርክር የሚበቃውን ያህል ያውቅ ነበር።

የ1967 ዓ.ም.ን ነገር እንውሰድ። በዚያ ዓመት በየካቲት የገጠር መሬት፥ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሆነ። በጀጎል ውስጥ ያደጉት አያት ያን ዓመት ሲያስቡ ከአባታቸው የወረሱት የጫትና የቡና አትክልት ከእጃቸው የወጣበትን፥ ልጆቻቸውም በየተራ ወደ ውጭ አገር መሰደድ የጀመሩበትን ጊዜ ያስባሉ። በዚያው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ያደጉት የኦሮሞ ሽማግሌ ግን ያረሱትን ለመጀመሪያ ጊዜ «የራሴ ነው» ያሉበትን ቀን ያስባሉ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በአንድ መኝታ ክፍል ያድራሉ፥ በአንድ ጠረጴዛ ይመገባሉ፤ ነገሩ ሲነሣ ግን እንደ ባላጋራ ይተያያሉ። የአንዱን ወገን አያት ብቻ የሰማ ተማሪ ግማሹን ያውቃል፤ የማንንም ያልሰማ ደግሞ ምንም ሳያውቅ ይከራከራል። ከሁሉ የሚበዛው ይህ የመጨረሻው ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጭራሽ የማይነገረው ነው። በ1940 ዓ.ም. ከሐረሪዎች ወገን የተላኩ ሰዎች ወደ ሞቃዲሾ ሄደው በዚያ ለነበረው ለአራቱ ኀያላን መንግሥታት መርማሪ ኮሚሲዮን አቤቱታ አቀረቡ። በዚህ ምክንያት በሐረር ብዙ ሰዎች ታሰሩ፥ ንብረትም ተያዘ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ ከተማውን ትቶ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ያን ጊዜ ነፍስ ያወቁ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አባቱ ከቤት ሲወሰድ በነደባው ላይ ቁጭ ብሎ ያየ ልጅ ዛሬ የአንዳችን አያት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፋል።

«ሆድ ይፍጀው» የትዕግሥት ቃል ነው፤ ልጅ በቂም እንዳያድግ የሚነገር ነውና እናከብረዋለን። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል። አንድ ስም በተጠራ ቍጥር የአባቱ ፊት ሲጠቍር፥ የአያቱ ድምፅ ሲለወጥ እያየ ያደገ ልጅ ምን እንደ ተደረገ ሳይነገረው መከፋቱን ይወርሳል። ታሪኩ ተቀብሮ ቂሙ ብቻ ሲወረስ እጅግ አደገኛ ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ቂመኛን ማንም ተናጋሪ እጁን ይዞ «ጠላትህ ያውልህ» ብሎ ወደ ፈለገው ሊመራው ይችላል። የተነገረ በደል ግን ወሰን አለው። ቀን አለው፥ ቦታ አለው፥ አድራጊው ይታወቃል፤ የታሰረውን ሰው ልጆች ማን እንዳበላቸውም አብሮ ይነገራል። ይህን የሰማ ወጣት የአንድን ሹም ሥራ በአንድ ሕዝብ ሁሉ ላይ አይጭንም።

በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ ጦሩም ወደ ሐረር ዳርቻ ተጠግቶ ነበር። የጦሩን አካሄድ የሚተርኩ መጻሕፍት አሉ። ሐረሪው፥ ኦሮሞው፥ አማራው፥ ሶማሌው፥ ጉራጌው በአንድ ከተማ ውስጥ ያንን ሰሞን እንዴት እንዳደሩ፥ ማን ማንን እንደ ጠረጠረ፥ ማንስ ማንን እንደ ሸሸገ የሚነግረን ግን ያን ጊዜ ዳቦ ፍለጋ ትላክ የነበረች ልጅ ናት። እርሷም ዛሬ አያት ለመባል ደርሳለች።

ምናልባት «አገር በሳይንስና በቴክኖሎጂ ለመራመድ በሚታገልበት ዘመን የአሮጊት ወግ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ ለሚለው ወንድማችን የሐሮማያን ሐይቅ እናስታውሰዋለን። ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውሃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደርቆ ነበር። ውሃው በፊት እስከ የት ይደርስ እንደ ነበረ፥ በዳሩ ምን ይዘራ እንደ ነበረ፥ መሸሽ የጀመረው መቼ እንደ ሆነ በእግራቸው ለክተው የሚያውቁት በዚያ ያደጉ ሰዎች ናቸው። የእርሻ ተማሪ ስለ ጠፋ ዘር፥ የሕክምና ተማሪ ስለ ድሮ አራስ ቤት፥ የሕግ ተማሪ ስለ ውርስና ስለ ሽምግልና ከነሱ የሚጠይቀው አያጣም።

ሌላው ደግሞ «ሽማግሌ ይረሳል፥ ይቀላቅላል፥ ራሱንም ያስመሰግናል» ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን መንገደኛም ይሳሳታል፤ የቤተ መንግሥት ጸሐፊም ጌታውን ያስመሰግናል። መድኀኒቱ ብዙ ምስክር ሰምቶ ማመዛዘን ነው እንጂ ምስክሩን ዝም ማሰኘት አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1938 ሥራ ያጡ ጸሐፊዎችን ቀጥሮ በባርነት ተወልደው ያደጉትን ከሁለት ሺሕ የሚበልጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስለ ሕይወታቸው አስጠይቋል። የዚያን ዘመን ልጅነት ዛሬ የምናውቀው በብዙው ከነዚያ ቃሎች ነው። ሊቃውንት ግን አንድ ጕድለት አግኝተውበታል፤ ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ተጠያቂዎች መራራውን እያለዘቡ ተናግረዋል። ሰው እንደ ጠያቂው ይመልሳልና። ለኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለሹም የማይነገረው፥ ለውጭ አገር ተመራማሪም የማይነገረው፥ ለልጅ ልጅ ሊነገር ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ ፈጽሞ ተጠይቀው ስለማያውቁት ሰዎች አንድ ቃል እንናገራለን። በቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣና የድሮ ነገር ሲነሣ ተናጋሪው አባወራው ነው፤ አያት ቁጢውን እያፈሉ ከጓዳ ይሰማሉ። ከጓዳው ውስጥ ደግሞ ከሳቸውም ጋር የምትሠራ ሌላ ሴት አለች፤ «ከኛው ጋር ያደገች ናት» ትባላለች እንጂ የት ተወልዳ፥ በማን እጅ፥ ስንት ዓመት ሲሆናት እንደ መጣች የሚጠይቅ የለም። በግንቡ ውስጥም ከግንቡ ውጭም እንዲህ ያሉ ሰዎች ያላደጉበት ትልቅ ቤት ጥቂት ነው። የኩራታችንን ብቻ ሰምተን የነዚህን ካለፍን የሰበሰብነው ውዳሴ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም።

እንግዲህ እንዴት እንጠይቅ? ልምድ ያስተማረንን በአጭሩ እናካፍል። በመጀመሪያ ጊዜ ይመረጥ፤ ሽማግሌ በጾምና በድካም ሰዓት አይነዘነዝም። ጥያቄው ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን፤ ስም ያወጣልዎ ማን ነው? የመጀመሪያ ጫማዎን መቼ ተጫሙ? ስለ ምን ጥፋት ተገረፉ? ጐረቤቶቻችሁ እነማን ነበሩ? በምን ቋንቋ ትገበያዩ ነበር? በክፉ ቀን ምን በላችሁ? ቃላቸው በተናገሩበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ጌይ ሲናን የሆነው በጌይ ሲናን፥ ኦሮምኛ የሆነው በኦሮምኛ ተጽፎ ከዚያ በኋላ ይተርጐም እንጂ በኛ የትምህርት ቤት አማርኛ አይለወጥ። ሽማግሌ ዘመንን በቍጥር አይናገርም፤ «ጣልያን ሲወጣ ተወለድሁ» ካሉ ወደ 1933 ዓ.ም. ነው፤ «ጅጅጋ ስትያዝ የመጀመሪያ ልጄ ይድህ ነበር» ካሉ የ1970 ዓ.ም. መስከረም ነው። ይህን የማዛመድ ሥራ የኛ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መከራከር አይገባም። የሰማነው ከአስተያየታችን ጋር ባይስማማ ተናጋሪውን ለማረም አልሄድንም።

ዝም ካሉም ዝም ማለታቸው ይከበር። እኛ «ሆድ ይፍጀው» ይብቃ ስንል ማንም ሰው ቍስሉን በግድ ይክፈት ማለታችን አይደለም። ነገ ወይም በሌላ ዓመት ይናገሩ ይሆናል፤ ባይናገሩም መጠየቃቸው ብቻ ክብር ነው። ዛሬ ድምፅ መቅጃ በየኪሳችን ስላለ በቶሮንቶ ወይም በሜልቦርን ያለ ዘመድ እንኳ ከሩቅ ሊጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ሳይፈቅዱ መቅዳት ነውር ነው፤ የተቀዳውንም ለወሬ ብሎ በየመገናኛው መበተን ከሌብነት አይሻልም። የተጻፈው ተነብቦላቸው «ይህ ይውጣ፥ ይህ ይቅር» ብለው ይፍረዱበት፤ አንዱ ቅጂም በቤታቸው ይቀመጥ።

የምንለው ከኛ በፊት ያልተሞከረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተማሪዎች የባህልና የልማድ ጥናት ማኅበር አቋቁመው በየትውልድ አገራቸው ያለውን ልማድ እየመረመሩ በመጽሔታቸው ያወጡ ነበር፤ መጽሔቱን ዛሬም ተመራማሪዎች ይጠቅሱታል። በሐረርም አቶ አብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፎችን፥ የድሮ ገንዘቦችን፥ ጌጣጌጦችንና የተቀዱ ዜማዎችን በግል ጥረታቸው ከየቦታው ሰብስበው መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው፥ ኋላም በጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም አቁመዋል። አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡና ጕልበቱ ይህን ካደረገ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ተማሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የተማሪዎች ማኅበራችን ከዕረፍት በኋላ ጽሑፎቹን የሚቀበል አንድ አነስተኛ ኮሚቴ ይምረጥ፤ ባለቤቶቹ የፈቀዱትም በቤተ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ ይሰጠው። መምህራኖቻችን ደግሞ ይህን ሥራ ከፈተና ወረቀት ሳያሳንሱ ይመልከቱልን፤ ከግንቡ ውስጥና ከግንቡ ውጭ የመጡ ሁለት ተማሪዎች አብረው የሁለቱንም አያት ጠይቀው ሲመጡ በተለይ ያበረታቱ።

በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበራቸው ዛሬ ሰባን አልፈዋል። የ1940ዎቹ ሕፃናት በየወሩ ከመካከላችን እየተለዩ ነው። የተማሪ ዕረፍት በየዓመቱ ይመለሳል፤ እነሱ ግን ለሚመጣው ዕረፍት ይቈዩናል ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። ደብተሩ ዛሬውኑ ይገዛ።